ውኃ የተኛባቸው ሥሮች፦ የአንድ ክረምት የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ መጨረሻ

ባልዲዎቹ ተሰልፈዋል። ከበቾ ሜዳ በጆንያ የመጣው ጥቁር ዋልካ አፈር ጓሉ ተሰባብሮ ሞልቷቸዋል፤ ቡቃያዎቹም ስንዝር አልፈዋል። ለእያንዳንዱ ሰብል ሁለት ሁለት ባልዲ ተመድቧል። አንደኛው ታች ተበስቶ ጠጠር ስለተነጠፈበት ውኃ አይቋጥርም። ሁለተኛው ድፍን ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ውኃ ከአፈሩ በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይተኛበታል። በቆሎ፣ ጤፍ፣ ሽንብራ፣ ጓያ፣ ቲማቲም እና ከፎገራ የመጣ ሩዝ በየተራቸው ቆመዋል። የክረምቱ ዝናብ ልዩነታቸውን እንዳያጠፋው ከላይ የላስቲክ ዳስ ተዘርግቷል።

በዋልካ አገር ሰብል ቢጫ ሆኖ ሲቀር ጥፋቱ ሁሉ በውኃው ላይ ይደፈደፋል። ሥሩን የሚገድለው ግን የአየር እጦት ነው። ተክሉም አየር ማጣቱን ያውቃል፤ ካወቀ በኋላ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። እኛ በደፈናው እንደ በሽታ ከምናያቸው ምልክቶች የትኛው ጉዳት፣ የትኛው ደግሞ ተክሉ ራሱ የወሰደው እርምጃ እንደሆነ ለይቶ ማየት፣ የዚህ ክረምት ሥራዬ ይህ ነው።

ቁጥሩን ከወዲሁ ላስፍር። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውኃ በባሕር ጠለል ከፍታ በአንድ ሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። እዚህ አዲስ አበባ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ስለሚቀንስ 7 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። በአንድ ሊትር የአዲስ አበባ አየር ውስጥ ግን 200 ሚሊግራም ያህል አለ። ከመጠኑ ይልቅ የሚብሰው ፍጥነቱ ነው። ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ካለው ፍጥነት ከአሥር ሺህ አንድ እጅ ያህል በሆነ ፍጥነት ነው። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በውኃ ሲሞላ ሥሩና በአፈሩ ያሉት ተሕዋስያን የነበረውን ኦክስጅን በአጭር ጊዜ ይጨርሱታል፤ ከላይ የሚመጣው ምትክ አይደርስም።

የሥላሴ ማግስት

ውኃው ዛሬ ገባ። በየባልዲው አንድ አንድ ቀጭን የፌሮ ዘንግ ተክያለሁ። ዘንጎቹ እስኪያብረቀርቁ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍገዋል። ብረት የሚዝገው ኦክስጅን ባለበት ስለሆነ፣ ዝገቱ የት ድረስ እንደወረደ ማየት አየሩ የት ድረስ እንደወረደ ማየት ነው። ውድ መሣሪያ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም።

ሐምሌ 10

ከሁሉም ቀድሞ የተናገረው ቲማቲሙ ነው። የቅጠሎቹ አገዳ ወደ መሬት ታጥፏል። ከሩቅ ያየው ጠውልጓል ይላል። በእጅ ሲዳሰስ ግን ቅጠሉ ውኃ የጠገበ፣ ድርቅ ያለ ነው፤ የጠወለገ ቅጠል ይለሰልሳል፣ ይህ አልለሰለሰም። የታጠፈው በእድገት ነው። የአገዳው የላይኛው ጎን ከታችኛው ፈጥኖ ስላደገ ቅጠሉ ወደ ታች ተገፋ።

አሠራሩ ድንቅ ነው። ኢትሊን የሚባለው የተክል ሆርሞን ጋዝ ነው። ተክሉ ይህን ጋዝ የሚሠራው ኤ.ሲ.ሲ. ከተባለ ቅመም ሲሆን፣ የመጨረሻው የሥራ ደረጃ ኦክስጅን ይጠይቃል። በውኃ የታፈነው ሥር ኤ.ሲ.ሲ.ውን ያመርታል፤ ወደ ኢትሊን መለወጥ ግን ያቅተዋል። ያልተጨረሰው ቅመም ከውኃው ጋር በግንዱ ሽቅብ ይወጣል። ቅጠሉ ዘንድ ኦክስጅን ሞልቷልና እዚያ ኢትሊን ይሆናል፤ አገዳውም ይታጠፋል። ከሥር ወደ ቅጠል የተላከ መልእክት ነው፤ መልእክቱን የጻፈውም ራሱ የኦክስጅኑ መጥፋት ነው።

ቲማቲም አንገቱን ሲደፋ ያየ ብዙ ሰው ውኃ ይጨምርለታል። በዚህ ጊዜ ውኃ መጨመር ጉዳቱን ማባባስ ነው። የታፈነ ሥር ደግሞ በውኃ መካከል ቆሞ ሊጠማ ይችላል። የሕዋሱ ውስጣዊ ፈሳሽ ሲኮመጥጥ ውኃ የሚያሳልፉት የሥሩ ቀዳዳዎች ይዘጋሉና። ስለዚህ ቅጠሉ ከፀሐይ ዘወር ማለቱ ይጠቅመዋል።

ሐምሌ አጋማሽ

ዘንጎቹን ነቅዬ ጎን ለጎን አጋድሜያቸዋለሁ። ከተበሳው ባልዲ የወጣው ከላይ እስከ ታች ቀይ ዝገት ለብሷል። ከድፍኑ የወጣው ከአፈሩ ገጽ ጥቂት ዝቅ እስከሚል ብቻ ዝጓል፤ ከዚያ በታች ግራጫና ጠቆር ያለ ነው። ልዩነቱ በመስመር የተሰመረ ይመስላል።

አፈሩ ኦክስጅን ሲያጣ ተሕዋስያኑ መተንፈሳቸውን አያቆሙም፤ በኦክስጅኑ ፋንታ ሌላ ነገር ይይዛሉ። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። በመጀመሪያ ናይትሬት፣ ቀጥሎ ማንጋኒዝ፣ ቀጥሎ ብረት፣ ከዚያ ሰልፌት፣ በመጨረሻም ሚቴን ይመጣል። ናይትሬቱ ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ተለውጦ ወደ አየር ይሄዳል። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ መሆን አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ተክሉ ናይትሮጅን ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል። ውኃው ሳይጠነፍፍ በማሳ ላይ የተበተነ ማዳበሪያ ብዙው ለሰብሉ እንደማይደርስ ለገበሬው በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

የሽንብራው ድፍን ባልዲ ገና ከአሁኑ ተስፋ የለውም። ጓያው ቢጫ ሆኗል፤ ግን ቆሟል። ጤፉ ታች ታቹ ቢገረጣም ቀንበጡ አረንጓዴ ነው።

የገብርኤል ሰሞን

ከባልዲዎቹ ጎን ሌላ ትንሽ ሙከራ ነበረኝ። ውኃ አፍልቼ አየሩን ካስወጣሁ በኋላ አቀዝቅዤ በጠርሙሶች እስከ አፋቸው ሞላሁ፤ በአንዱ ገብስ፣ በአንዱ በቆሎ፣ በአንዱ የሩዝ ዘር ጨምሬ፣ አየር እንዳይገባ ከላይ ዘይት አፍስሼ ከደንኩ። ዛሬ ተከፈቱ። ገብሱና በቆሎው አብጠዋል እንጂ አልበቀሉም። ሽታቸው የአልኮል ነው። ሩዙ ግን ነጭ፣ ቀጭን፣ ረጅም ቡቃያ ወደ ላይ አውጥቷል። ሥር የሚባል ነገር የለውም። ያለውን ጉልበት ሁሉ ወደ ላይ፣ አየር ሊኖር ወደሚችልበት አቅጣጫ ብቻ አውሎታል።

ጎረቤቴ ጠላ በመጥመቅ የታወቁ ሴት ናቸው። ጠርሙሶቹን ሳሳያቸው ምንም አልደነቃቸውም።

«ልጄ፣ ገብሱን አንድ ሌሊት ትነክሪዋለሽ፤ ከዚያ ውኃውን አጥልለሽ በኮባ ትጠቀልይዋለሽ። ውኃ ውስጥ ከሰነበተ ይሸታል እንጂ ብቅል አይወጣውም።»

ከጠርሙሶቹ ጀርባ ያለው ባዮሎጂ በሙሉ በዚህ ንግግር ውስጥ አለ። የብቅል ሥራ ማለት ገብሱ አሚሌዝ የተባለውን ኢንዛይም እንዲያመርትና ስታርቹን ወደ ስኳር መቁረጥ እንዲጀምር ማድረግ ነው። ገብስና ስንዴ ያለ ኦክስጅን ይህን ኢንዛይም ማምረት አይችሉም፤ ጎተራቸው ሞልቶ ይራባሉ። ሩዝ ግን ስኳር ሲያጥረው የሚነሳ ሌላ መንገድ ስላለው ስታርቹን መፍጨቱን ይቀጥላል። ረሃብ ደግሞ እዚህ ላይ ዋናው ጉዳይ ነው። በኦክስጅን ሲተነፍስ ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል 30 ገደማ ኤ.ቲ.ፒ. (ሕዋስ ጉልበቱን የሚይዝበት ሞለኪውል) የሚያገኘው ሕዋስ፣ በእርሾ መንገድ ሁለት ብቻ ያገኛል። የአልኮሉ ሽታ የዚህ ሁለተኛው መንገድ ምልክት ነው። ያ ሽታ መበስበስ ብቻ አይደለም፤ እህሉ በሕይወት ለመቆየት ያደረገው ትግል ነው።

ሐምሌ መጨረሻ፣ ዝናቡ ከባድ

ዛሬ ከዳሱ ሥር የሚሠራ የለም፤ ከሁሉ በላይ የሚገርመኝን ነገር ለመጻፍ ጊዜ አገኘሁ። ተክል ኦክስጅን መጉደሉን በምን ያውቃል?

መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች፣ አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ የጎመን ዘመድ ላይ እየሠሩ፣ በአንድ ጊዜ ተመሳሳይ ውጤት አወጡ። በተክሉ ሕዋስ ውስጥ የሰባተኛው ቡድን ኢ.አር.ኤፍ. የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ሥራቸው የአደጋ ጊዜ ዘረ መሎችን ማብራት ነው። በፕሮቲኑ ራስ ላይ ሲስቴይን የተባለ አሚኖ አሲድ ተጋልጦ ይቀመጣል። ኦክስጅን ካለ፣ ልዩ ኢንዛይም ያን ሲስቴይን በኦክስጅን ያቃጥለዋል፤ ከዚያ አርጂኒን የተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ይለጠፍበታል፤ ቀጥሎ ለጥፋት ምልክት ይደረግበትና ፕሮቲኑ ተቆራርጦ ይጠፋል። ኦክስጅን ከሌለ ሲስቴይኑ አይነካም፤ ፕሮቲኑም ይተርፋል፤ ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ ዘረ መሎቹን ያበራል። አልኮል የሚሠሩት ኢንዛይሞች፣ ስኳርን በቁጠባ የሚፈቱት፣ ሌሎችም ብዙዎች የሚነሡት በዚህ ነው። ሲስቴይኑን የሚያቃጥሉት ኢንዛይሞች ማንነት እ.ኤ.አ. በ2014 ታወቀ።

ነገሩ ማታ ማታ ዘበኛ ቀጥሮ ጠዋት ጠዋት እንደሚያሰናብት ቤት ነው። ዘበኛው ሁልጊዜ ይቀጠራል፤ የሚያሰናብተው ኦክስጅን ነው። አሰናባቹ የቀረ ዕለት ዘበኛው በቦታው ይገኛል። አዲስ ነገር እስኪመረት መጠበቅ የለም።

እንስሳትም ተመሳሳይ አመክንዮ በሌላ ፕሮቲን ይጠቀማሉ። ያን ያገኙት ኬሊን፣ ራትክሊፍ እና ሴሜንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። የተክሉ ታሪክ ያን ያህል አልተነገረለትም፤ ሊነገርለት ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ የምንበላው በእርሱ ላይ ነውና።

በዚያው በ2019 ሌላ ግኝት ወጣ። ሥሩ በውኃ ሲሸፈን ኢትሊን እንደ ወትሮው በኖ መሄድ አይችልም፤ በሥሩ ውስጥ ይታፈናል። የታፈነው ኢትሊን ፋይቶግሎቢን የተባለውን ፕሮቲን ያበዛል፤ ፋይቶግሎቢን ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ጠርጎ ያነሣል። እነዚያን የኢ.አር.ኤፍ. ፕሮቲኖች ለማጥፋት ከኦክስጅን ጋር ናይትሪክ ኦክሳይድም ያስፈልጋልና፣ እርሱ ሲጠፋ ፕሮቲኖቹ ኦክስጅኑ ገና ሳያልቅ መከማቸት ይጀምራሉ። ተክሉ ከአደጋው ቀድሞ ይዘጋጃል ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጎርፍ የነካውን ቡቃያ በቀድሞው ዓይን አላየሁትም።

ፍልሰታ ከገባ በኋላ

የበቆሎው ድፍን ባልዲ ከታችኛው አንጓ ዙሪያ ወፋፍራም ነጫጭ ሥሮች አውጥቷል። አሮጌዎቹ ሥሮች ቡናማ ሆነው ሲላሽቁ እነዚህ አዲሶቹ ከውኃው ገጽ አጠገብ ይሄዳሉ። አንዱን በምላጭ በስሱ ቆርጬ ከትምህርት ቤት በተዋስኩት ማይክሮስኮፕ አየሁት። ከተበሳው ባልዲ የመጣው ሥር ሕዋሳቱ ተጠቅጥቀው የተሞሉ ናቸው። ከድፍኑ የመጣው ግን በመካከለኛው አምድና በውጫዊው ቆዳ መካከል ትልልቅ ባዶ ክፍሎች አሉት፤ በመካከላቸው ቀጫጭን ግድግዳዎች ብቻ ቀርተዋል።

እነዚያ ባዶ ክፍሎች ኤረንካይማ የሚባሉ የአየር መተላለፊያዎች ናቸው። ቀድሞ በቦታቸው ሕያዋን ሕዋሳት ነበሩ። ኢትሊኑ ሲከማች፣ ተመርጠው፣ በሥርዓት ሞቱ፤ የቀሩት አየር እንዲያገኙ መንገድ ለቀቁ። ኦክስጅን ከቅጠልና ከግንድ ተነሥቶ በዚህ መንገድ ወደ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል። በተጨማሪም ክፍት ቦታ አይተነፍስምና የሥሩ ፍጆታ ይቀንሳል። በቆሎ ይህን የሚሠራው ችግር ሲመጣ ነው። የሩዙን ሥር ስቆርጥ ግን በተበሳው ባልዲም መተላለፊያዎቹ አሉ፤ ሩዝ ጎርፉን ሳይጠብቅ ቤቱን ቀድሞ ሠርቷል።

ጤፉም ከአንጓዎቹ አዳዲስ ሥር ጥሏል። ሥሩ እንደ ክር ቀጭን ስለሆነ በምላጭ ንጹሕ ቁራጭ ማውጣት ከባድ ነው። የጥቁር አፈር ገበሬ ውኃ በሚተኛበት ማሳ ላይ ጤፍን የሚመርጠው ሌላው ሰብል የማይችለውን ስለሚችል መሆኑን ግን የባልዲው ሁኔታ በደንብ ይመሰክራል።

ነሐሴ 10

የዛሬው ሙከራ ከሁሉም ይበልጥ ዓይን የሚስብ ነው። ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ኦክስጅን ሲያጣ ቀለም አልባ ይሆናል፤ ኦክስጅን ሲያገኝ መልሶ ሰማያዊ ይሆናል። ውኃ ውስጥ አጋር የተባለውን ማርጊያ ዱቄት በጥቂቱ ጨምሬ አፈላሁት፤ እንደ ቀጭን አጥሚት ሲሆን ቀለሙን በጥቂቱ አገባሁ። ከዚያ የጨርቅ ማቅለሚያ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ሶዲየም ዳይታዮናይት ቆንጥሬ ስጨምር ሰማያዊው ጠፋ። ዱቄቱ ሲተነፍሱት ሳንባ ይጎዳልና ሥራው ደጅ፣ አፍንጫ ሸፍኖ ነው። ቅልቅሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የሩዝና የበቆሎ ቡቃያዎች ሥራቸው በረጃጅም ብርጭቆዎች ውስጥ ገባ፤ ቅጠላቸው በአየር ላይ ነው።

ከጥቂት ቆይታ በኋላ በሩዙ ሥር ጫፎች ዙሪያ ሰማያዊ ብሎ ታየ። ቅጠሉ የወሰደው ኦክስጅን በሥሩ ውስጥ ወርዶ በጫፉ ወጣ ማለት ነው። የሚወጣው በጫፉ ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በውኃ ውስጥ ያደገ የሩዝ ሥር በላይኛው ክፍሉ ዙሪያ ኦክስጅን የማያሳልፍ ግርዶሽ ይሠራል፤ ስለዚህ አየሩ በመንገድ ላይ ሳይባክን ሥራ ወደሚበዛበት ጫፍ ይደርሳል። ከተበሳው ባልዲ በተወሰደው በቆሎ ዙሪያ ግን እምብዛም ሰማያዊ አልታየም። በሩዙ ባልዲ ውስጥ ያለውን ሥር የሸፈነው ቀይ ቅባትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከሥሩ የሚወጣው ኦክስጅን በአፈሩ ውኃ የሟሟውን ብረት አዝጎ በሥሩ ላይ ያስቀረዋል፤ ብረቱ መርዝ ሆኖ እንዳይገባም ይከላከላል።

ከቡሄ በኋላ

ከጥቂት ጊዜ በፊት የሩዝ ቡቃያዎችን በውኃ በተሞላ በርሜል ሙሉ በሙሉ አስጥሜ ነበር። ቅጠሎቹ ተመዝዘዋል፤ ገርጥተዋል፤ ቀጥነዋል። ከበርሜሉ ሲወጡ መቆም አቅቷቸው ተኙ።

ይህ ማምለጥ የሚባለው ስልት ነው፤ የውኃውን ገጽ እስኪያገኙ ድረስ ያለውን ስንቅ በእድገት ላይ መጨረስ። ውኃው ጥልቅ ካልሆነ ወይም ቀስ ብሎ ከሞላ ያዋጣል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የጥልቅ ውኃ ሩዝ ስኖርክል በተባሉ ዘረ መሎች እየታገዘ በአንድ ቀን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊመዘዝ ይችላል። ድንገት ሞልቶ ለቀናት ለሚቆይ ጎርፍ ግን የሚሻለው ተቃራኒው ነው። ከሕንድ ኦዲሻ የመጣ አንድ ጥንታዊ የሩዝ ዘር ሰብ ዋን ኤ የሚባል ዘረ መል አለው፤ ይህም የዚያው የሰባተኛው ቡድን ኢ.አር.ኤፍ. አባል ነው። ይህ ዘረ መል ቡቃያው እድገቱን ገትቶ፣ ስንቁን ቆጥቦ፣ ውኃው እስኪጎድል እንዲጠብቅ ያደርገዋል። የተለየው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ስዋርና ከተባለው ተወዳጅ የሕንድ ሩዝ ጋር ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ2009 ለገበሬ ወጣ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል በውኃ ተውጦም ይተርፋል።

የኔ ቡቃያዎች ከፎገራ የመጡ ናቸው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ ሩዝ በፎገራ ሲለመድ ኤክስ ጅግና የተባለው ዘር ሜዳውን ሞላው። የጣና ዙሪያ ጎርፍ በፍጥነት ሲሞላ ምን ዓይነት ሩዝ እንደሚያስፈልግ ሲታሰብ ከሁለቱ ስልቶች የትኛው ለየትኛው ማሳ እንደሚስማማ ከወዲሁ መለየት ተገቢ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ

ድፍኖቹ ባልዲዎች ተበሱ፤ ውኃው ወጣ። የአየር መመለስ ራሱ አደጋ አለው። ኦክስጅን በድንገት ሲገባ ለእጦት የተዘጋጀው ሕዋስ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶችን ያመርታል፤ ቅጠሉም አንዳንዴ በውኃው ውስጥ ካሳየው የባሰ ጉዳት ያሳያል። ውኃው በወጣ ማግስት የበቆሎው ቅጠል ጠውልጎ ነበር፤ ይህኛው እውነተኛ ጥውለጋ ነው፣ ሲዳሰስ ለስላሳ። አዲሶቹ የአንጓ ሥሮች ስለነበሩት ግን እየተመለሰ ነው። ሽንብራው አልተመለሰም።

በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆነው ዋልካ አፈር ነው። የሸዋ ገበሬ ሽንብራን ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ በአፈሩ በቀረው እርጥበት ይዘራል፤ የሽንብራው ባልዲ ምክንያቱን በግልጽ አሳይቷል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ደግሞ ቤተሰቡ ተባብሮ ማሳውን በእጅ መደብና ቦይ አድርጎ ያወጣዋል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠርቷል፤ መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። መደብ ማለት ሥሩ ከውኃው በላይ የሚተነፍስበት ከፍታ ነው። ዘረ መል ለማሻሻል ዓመታት ይፈጃል፤ ቦይ ግን በዚሁ ክረምት ሊቆፈር ይችላል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ቅደም ተከተል ካስፈለገ ከቦዩ እጀምራለሁ።

ጳጉሜን

ባዶ በቀሩት ባልዲዎች ሽንብራ ተዘርቷል፤ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ውኃ ግን አልተኛበትም። የበቆሎውና የሩዙ ሥር ቁራጮች በአልኮል ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የጤፉን ቀጭን ሥር በሰም ውስጥ አጥልቆ መቁረጥ የሚችል ቤተ ሙከራ እየተፈለገ ነው።

የሚቀጥለው ሥራ ገብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት፣ በሐምሌ ማብቂያ የጻፍኩት ይኸው ኦክስጅንን የመለየት ሥርዓት ተክሎች ከሚኖሩበት ከፍታ ጋር እንደሚጣጣምና ከክሎሮፊል አመራረት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ቀጭን አየር ለሥርዓቱ የዕለት ተዕለት ሁኔታ ከሆነ፣ ከደጋ የመጣ ገብስና ከወይና ደጋ የመጣ ገብስ ውኃ ሲተኛባቸው አንድ ዓይነት ይሆኑ እንደሆነ በባልዲ መጠየቅ ይቻላል። ዘሩን ከሁለቱም ወገን መሰብሰብ ጀምሬያለሁ፤ ዘንጎቹም ለሚቀጥለው ክረምት ተፈግፍገው፣ ዘይት ተቀብተው ተቀምጠዋል።